ኮሌታ የወደቀችበት ቦታ

ማንኪያው ከአፏ ሲወጣ የጥርስ ስባሪ ይዞ ወጣ። ኮሌታ ይህን አላየችም፤ በኋላ ነው የነገሯት። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የጣሪያው አምፖሎች፣ ቀጥሎም ዙሪያዋን የከበቡ የባልደረቦቿ ፊቶች ታዩዋት። አንዷ እግሯን፣ ሌላዋ እጆቿን ጥፍር አድርገው ይዘዋታል። ቀሚሷ ረጥቧል። የስፌት ማሽኖቹ ሁሉ ቆመዋል፤ እሷ በሠራችበት ስድስት ዓመት ውስጥ ያ አዳራሽ በሥራ ሰዓት እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

"ተርፋለች!" አለች እጅጌ፣ ማንኪያውን እንደያዘች እያለቀሰች። "ምላሷን ልትውጠው ነበር እኮ!"

ኮሌታም እጅጌም የቤት ስማቸው አይደለም። አንዷ የሸሚዝ ኮሌታ፣ ሌላዋ እጅጌ ስለሚሰፉ የወጣላቸው ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለሚውሉ፣ "እነዚህ ከተጣሉ ሸሚዝ የሚባል ነገር የለም" እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። ይህን ያህል ተቀራርበው እንኳ ኮሌታ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ እንዳለባት እጅጌ አታውቅም። የቀኑን ኪኒን መጸዳጃ ቤት ገብታ ነበር የምትውጠው። ሦስት ዓመት ሙሉ ወድቃ አታውቅም። በዚያ ሳምንት ግን መድኃኒቱ ከሰፈሯ ፋርማሲ ጠፋ። ራቅ ብሎ ይገኝ ነበር፤ ለመሄድ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባት፤ ፈቃድ ለመጠየቅ ደግሞ ምክንያቱን መናገር። ሁለት ቀን ሳትውጥ ዋለች።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ መድኃኒቷ ተገኝቶላት ወደ ሥራ ልትመለስ ስትል እናቷ በር ላይ ያዘቻት።

"ሙቀት ነው ያዞረኝ በይ፣ ልጄ።"

"እማዬ፣ አርባ ሰው አይቶኛል።"

"ይየው! ያየ ይረሳል፤ ከራስሽ አፍ የሰማ ግን አይረሳም። እህትሽ ገና አላገባችም።"

ኮሌታ የተሰበረ ጥርሷን በምላሷ እየዳሰሰች ወጣች።

ስትደርስ ማሽኗ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ተቆጣጣሪው ወደ ጥግ ጠራት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ ነው ያናገራት።

"ለአንቺው ብዬ ነው። መርፌ ያለበት ቦታ ደግ አይደለም። ክር ቆረጣው ላይ ተቀመጪ፤ ደመወዝሽ አይነካም።"

"በስድስት ዓመት አንድ ቀን መርፌ ወግቶኝ ያውቃል?"

"አንድ ነገር ብትሆኚ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ እህቴ።"

እስከ ምሳ ሰዓት አንገቷን ደፍታ ከተሰፉ ሸሚዞች ላይ የተንጠለጠለ ክር ስትቆርጥ ቆየች። ሌላ ሰው የሰፋውን ኮሌታ ስታይ እጇን ይበላት ነበር፤ ጫፉ ጠሟል። ምሳቸውን እዚያው አዳራሹ ውስጥ ሲበሉ የጋራው የውሃ ኩባያ እሷ ጋ ደርሶ ቆመ። ከእሷ ቀጥሎ የጠጣበት የለም። አንዷ ከንፈሯን መጠጠችላት። እጅጌም ራቅ ብላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች።

ይሄኛው ነው ሆድ ያስባሳት። ተነሥታ አጠገቧ ሄደች።

"አንቺም ይጋባብኛል ብለሽ ነው?"

እጅጌ ቀና አላለችም። "ጥርስሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ። በየት ዓይኔ ልይሽ? ደግሞም ተቀይሜሻለሁ። ስድስት ዓመት! ምን አለ ብትነግሪኝ?"

"ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! አንዱ ያዟት ይላል፣ አንዱ አትንኳት ይላል፣ አንዱ ውሃ ድፉባት ይላል። ምላስ ይዋጣል ሲሉ ሰምቼ ነው። ብትሞችብኝስ?"

"ምላስ አይዋጥም።"

"አይዋጥም?"

"አይዋጥም።"

እጅጌ እጇን ወደ ጭኗ ሰበሰበች። ኮሌታ በፋሻ የተጠቀለለውን ጣት ያየችው ያኔ ነው።

"እኔ ነኝ የነከስኩሽ?"

"ተይው፤ ይድናል።"

ኮሌታ ለረጅም ጊዜ ጣቱን አየችው። ስለ እናቷ አሰበች፤ ስለ እህቷም። ከዚያ ወደ ማሽኖቹ መካከል ሄዳ ቆመች።

"አንድ ጊዜ ስሙኝ" አለች። "ሙቀት አይደለም የጣለኝ። የሚጥል በሽታ አለብኝ። በኩባያም፣ ከአፌ በሚወጣው አረፋም አይጋባም። ስወድቅ አትያዙኝ፤ አፌ ውስጥም ምንም አትክተቱ። የሚጎዳኝን ነገር አርቁልኝ፤ ጭንቅላቴ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉና በጎኔ አስተኙኝ። ሰዓት ያዙ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ። ካላለፈ ግን እነሣለሁ፤ ማሽኔ ላይም እቀመጣለሁ።"

ተቆጣጣሪው ጉሮሮውን ጠረገ። "እሺ፣ ገብቶናል። አሁን አትጨናነቂ..."

"እኔ አልገባኝም" አለች ማሽኗ ላይ የተተካችው ሴት። "በጎን ማለት እንዴት ነው?"

የሳቀ የለም። ኮሌታ ወለሉን አየች፤ የጨርቅ ቁርጥራጭና ክር ተበትኖበታል። ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና፣ ሁሉም እያያት፣ በጀርባዋ ተጋደመች።

"ነይ" አለቻት እጅጌን፣ "አዙሪኝ።"

እጅጌ መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች። እጇ የት እንደሚያርፍ አጥቶ አየር ላይ ቆየ።

"በየትኛው ጎንሽ?"

"በሚቀልሽ።"