ቦታ የሌላት ስልክ

ስልኳ «አፕዴት ላድርግ፣ አዲሱን ሲስተም ልጫን?» እያለች በየቀኑ ለምትጠይቀው ጥያቄ ሁለት መልስ ብቻ ነበረው፤ «አሁን» እና «በኋላ»። «እምቢ» የሚል ቁልፍ የላትም። እትዬ ጥልፍ «በኋላ»ን ሲጫኑ ከረሙ። አንድ ቀን ሳትጠይቃቸው በገዛ ፈቃዷ እንደምታደርገው ሲገባቸው ግን ሌላ ዘዴ ፈለጉ። አፕዴቱ ሲገባ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ እሳቸው ቦታ ነሱት። ስልኳን የክር መደርደሪያው ላይ አቁመው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ በቪዲዮ ማስቀረጽ ጀመሩ። ጠዋት ግድግዳ፣ ከሰዓት ግድግዳ፣ «ቦታ የለም» ብላ እስክትጮህ ድረስ።

ለዚህ ያበቃቸው የጥልፍ ማሽኑ ነው። ማሽኑ ንድፉን በዋይፋይ ከስልኳ ይቀበላል፤ ንድፉን የሚልከውን መተግበሪያ የሠራው ድርጅት ግን ከተዘጋ ቆይቷል። መተግበሪያው የሚያውቀው አሮጌውን ሲስተም ብቻ ነው። ጎረቤታቸው ያለችው ጠላፊም እንዲሁ ያለ ማሽን ነበራት። አፕዴቱን «እሺ» ባለች ማግስት ማሽኗ ደነቆረ፤ ዛሬ የአበባ ማሰሮ ተሸክሞ መስኮቷ ሥር ቆሟል። እትዬ ጥልፍ ደግሞ ከዚህ ማሽን ሌላ እንጀራ የላቸውም።

እሑድ ዕለት አማቻቸው መጣ። የልጃቸው ባል ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ይጠግናል። ሰው ቤት ሲገባም እጁ አያርፍም፤ የላላ ሶኬት፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ አይቶ አያልፍም። እትዬ ጥልፍ አጎንብሰው የማሽኑን መርፌ ሲቀይሩ ስልኳን ከጠረጴዛው አነሣት።

«እማዬ፣ ይቺ ስልክ እኮ ጢም ብላለች።»

«እንደሞላች ተዋት።»

«ምንድን ነው ይሄ? ግድግዳ?»

«አዎ።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ግድግዳ?»

«ጥሩ ግድግዳ ነው።»

አማቻቸው ሳቀ። በስሕተት የተቀረጸ መሰለው፤ እሳቸው መርፌውን አጥብቀው ቀና እስኪሉ ቪዲዮዎቹን አንድ ሳያስቀር አጠፋቸው።

ስልኳ ወዲያው ብልጭ አለች።

«ምን አደረግህ?»

«ቦታ አስለቀቅኩልዎት። አፕዴቱም መውረድ ጀምሯል፤ ለደህንነት ጥሩ ነው።»

ከወንበር ለመነሣት ሁልጊዜ የሰው እጅ የሚሹት ሴትዮ፣ ማንም ሳይደግፋቸው ክፍሉን አቋርጠው የዋይፋዩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀሉ።

«እምቢ!» አሉ፣ ገመዱን ከፍ አድርገው።

«እማዬ፣ ሌባ ቢገባባትስ?»

«ለባንኩ ሌላ ስልክ አለኝ። ይቺ የማሽኑ ናት፤ አፕዴቱ ከገባ ንድፍ የሚልከው መተግበሪያ አይሠራም። ሌባው ምን ሊወስድብኝ ነው፣ ግድግዳዬን?»

«መተግበሪያውን እንደገና እንጭነዋለና!»

«ከየት?»

አማቻቸው በራሱ ስልክ ፈለገ። ስሙን ጻፈ፤ ፊደል ለውጦ ደገመው። የለም። የድርጅቱም ድረ ገጽ ጠፍቷል። ቀና ሲል በመስኮቱ በኩል የጎረቤቲቱ ማሽን ከነአበባው ታየው። ከእሳቸው ስልክ ላይ የተጀመረውን ማውረድ ሰረዘ።

«ዘመን ግን ቆሞ አይጠብቅም፣ እማዬ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ይሂድ፣ ማን ያዘው? ካልጎተትኩሽ አልሄድም ሲለኝ ነው እምቢ ያልኩት። ማሽኔ አልታመመ፣ አልዛገ። ጤነኛውን በቁሙ ልቅበረው?»

«አፕዴቱን የሚያጠፋ ሴቲንግ አለ፤ ግን ጥቂት ቆይቶ ራሱን መልሶ ያበራል።»

«እንግዲህ ምን ቀረኝ? ግድግዳዬ።»

አማቻቸው አገጩን አሸት አሸት አደረገና «ግድግዳ አያዋጣም» አለ። «ዝም ብሎ የቆመ ነገር ብዙ ቦታ አይዝም። ስልክ ቶሎ የሚሞላው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲቀረጽ ነው።»

እትዬ ጥልፍ ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ገመዱን ኪሳቸው ከተው ወንበራቸው ላይ ተመለሱና፣ ቀድሞ በተላከው ንድፍ ማሽኑን አስነሡ። መርፌው መንጠር፣ ቀዩ ክር መሮጥ ጀመረ። አማቻቸው ተንበርክኮ ስልኳን ወደ መርፌው አዞረ።

«ራቅ በል፣ ክር ታስበጥሰኛለህ!»

«እርስዎ ይጥለፉ፣ እማዬ። የእኔን ሙያ ለእኔ ይተዉልኝ።»

ጉልበቱ ሲደነዝዝ ትራስ ወረወሩለት እንጂ ተነሥ አላሉትም። በመጨረሻ ስልኳ «ቦታ የለም» ብላ ጮኸች።

«እሰይ!» አሉ እትዬ ጥልፍ፤ ገመዱንም ከኪሳቸው አውጥተው ሰኩት።