ከፌስኦፉ በኋላ የተመታችው ኳስ

ሊባኖስ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በመረብ ዱላ ኳስ የሚወረወርበትን የላክሮስ ጨዋታ የሚጫወት የታዳጊዎች ቡድን ያሠለጥናል። ጨዋታው ሲጀመር ሁለት ልጆች መሀል ሜዳ ላይ ፊት ለፊት አጎንብሰው፣ ጫፉ መረብ በሆነ ዱላቸው ኳሷን ይሻማሉ፤ ፌስኦፍ የሚሉት ይህንን ነው። በዚህ ከቡድኑ ልጆች አንዱን፣ ይስሐቅን የሚችለው አልነበረም። ችግሩ ካሸነፈ በኋላ ነው። ኳሷን ይዞ ቀጥ ይላል፤ የሚያቀብለው ሰው ሲፈልግ ተከላካዮቹ ተሰብስበው ይጠብቁታል።

«አትቁም፣ ሩጥ» ይለዋል ሊባኖስ። «የሚመጣብህ ካለ አቀብል። ከሌለ ራስህ ወደ ጎል ምታ።»

«ኦኬ ኮች» ይላል ልጁ፤ ግጥሚያ ላይ ግን ያው ነው።

ቅዳሜ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ሄደው ከዚያ ቡድን ጋር ሲጫወቱ ይስሐቅ አልቆመም። ፊሽካው እንደተነፋ ኳሷን አፍሶ በረረ። ተከላካዮቹ ግራና ቀኝ የሚሮጡ ጓደኞቹን ለመያዝ ተበተኑ።

«ምታ» አለ ሊባኖስ ከመስመሩ ዳር፣ ደስ ብሎት።

መታ። እንደ ድንጋይ የጠጠረችው የጎማ ኳስ ድንገት ዘሎ የገባ ተከላካይ ደረት ላይ አረፈች። ተከላካዩ ልጅ ትንሽ ተራመደና በፊቱ ተደፋ።

ሊባኖስ ሮጦ ደርሶ ሲገለብጠው ዓይኖቹ ተገልጠዋል፤ ግን አያዩም። ትንፋሽም የለው። ሊባኖስ ክው አለ። የተማረው የመጀመሪያ እርዳታ ሁሉ ከጭንቅላቱ በኖ ጠፋ። ዳኛው ጆሮው ሥር «ደረቱን ተጫን» ሲለው ነው እጁ የታዘዘለት። አንዲት እናት የልብ ማስነሻ ማሽን ይዛ እየሮጠች መጣች። ማሽኑ ሲነዝረው የልጁ ገላ ነጠር ብሎ ተመልሶ አረፈ፤ ቆይቶም አቃሰተ።

አምቡላንሱ የተመታውን ልጅ ይዞ ከሄደ በኋላ ይስሐቅ ጓንቱን ሳያወልቅ ሳሩ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ምታ አልከኝ እኮ፣ ኮች።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩህ» አለው ሊባኖስ፤ አጠገቡም ተቀመጠ።

የይስሐቅ አባት ሥራ ላይ ስለነበሩ ልጁ የሚመለሰው በሊባኖስ መኪና ነው። ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ሳሉ የአሌክሳንድሪያው አሠልጣኝ ኮል አደረገ። የተመታው ልጅ ነቅቷል፤ እናቱንም ለይቷል። ይህን ሲሰማ ይስሐቅ ፊቱን በማሊያው ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ሊባኖስም መንዳት አቃተው፤ መኪናውን ዳር አስያዘ። 

«ማክሰኞ ልምምድ አለን?» አለ ይስሐቅ ፊቱን ጠርጎ።

«እኔ እንጃ» አለ ሊባኖስ። እውነቱን ነበር።