የበቆሎና የባቄላ ጋብቻ

ከሊል ባለሱቁ በስልክ ሲያወራ፣ አሳየሽ ሳሙና የምትመርጥ መስላ ጆሮዋን ተክላ የሰማችው ይህን ነው፦ «ወላሂ እንደዛ ነው ያለኝ። አርባ ምንጭ ለሚደረገው የክልል ጨዋታ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ወይ የኔ ሰልሳቢል ትሄዳለች፣ ወይ የእማማ አሳየሽ የልጅ ልጅ። አሰልጣኙ ገና አልቆረጠም።»

ሳሙናው እዚያው ቀረ። አሳየሽ ሌላ ቀን ጉልበቴን ትላለች፣ ወገቤን ትላለች፤ ወሬ ከያዘች ግን ባጃጅም አይደርስባት። ዳገቱን ወጥታ ሙሉሐረግ ደጅ ላይ ቆመች። ሙሉሐረግ የልብ ጓደኛዋ ናት። ለመስቀል ቅቤ የሚያጠራቅሙት በአንድ ማኅበር ነው፤ ሰው የሚያሙትም በአንድ አፍ ነው።

«አንቺ፣ ሰማሽ?»

«ካንቺ በፊት የሚሰማ ማን አለ? ተንፍሺው እንጂ።»

«አሰልጣኙ ደገፉ ቤዛዬን ከከሊል ልጅ ጋር ሊያማርጥ! ቤዛዬን እኮ ነው! ከዚያች ጋር!»

ሙሉሐረግ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቢነግሯት የማይታመን ነው። የአሳየሽን የልጅ ልጅ ቤዛዊትን ሶዶ ውስጥ ቅርጫት ኳስ የሚያይ ሁሉ ያውቃታል። ከሩቅ ትወረውራለች፣ ይገባላታል፣ ሰው ከመቀመጫው ይነሳል። ሰልሳቢል ደግሞ፣ አሳየሽ እንደምትለው፣ ሳትጠራ ሰርግ እንደገባች ሴት ጥግ ጥጉን ነው የምትለው። ኳስ እጇ ከገባ ወዲያው ለሌላ ታቀብላለች።

«ትኩስ የቦይና ሥር ከምድጃ ያወጣች ነው የምትመስለው» አለች አሳየሽ። «እፍ፣ እፍ፣ እንኪ ላንቺ! እንኪ ላንቺ!»

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። አሳየሽ ግን ሆዷ አልሳቀም። ምላሷ ቀድሟት ነበራ! የቅቤ ማኅበሩ ሴቶች በሙሉ ባሉበት «ቤዛዬ ተመርጣለች፣ አለቀ» ብላለች። አርባ ምንጭ ላለችው እህቷም «ዶሮ ቀልቢ፣ ልጄ ልትመጣልሽ ነው» ብላ ደውላለች። ልጅቷም አያቷን አምና ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አጥባ አስጥታለች። አሁን ብትቀር ያን ሻንጣ ማን መልሶ ይከተዋል? አሳየሽስ በምን ፊቷ ገበያ ትወጣለች?

በማግስቱ ልምምድ ላይ ሄደች። ወላጆች አሰልጣኝ ደገፉን ከበው ይጨቃጨቃሉ። ደገፉ ሰው ማስቀየም የማይወድ ሰው ነው፤ ኮፍያውን ወደ ኋላ ወደ ፊት ያደርጋል እንጂ አይናገርም።

«ምን ያማርጣል?» አለች አሳየሽ ሰዉን በክርኗ እየገፋች። «ይቆጠር! ጨዋታው ይቆጠርና ይለይ!»

ይህን ስትል ሚናስ ከኋላ ሳቀ። ሚናስ እሷ ግቢ ተከራይቶ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነው፤ የሚያስተምረውም ስታትስቲክስ ነው። አንድ ቀን ምን ማለት ነው ብትለው ነግሯት፣ ነግሯት፣ አልገባ ሲላት «ሐሜት ነው በለኛ! ማን ሲገባ ቤት ይሞቃል፣ ማን ሲወጣ ይቀዘቅዛል» ብላው ነበር። እሱም «አዎ እማማ፣ በቁጥር የሚታማ ሐሜት ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ ይዋደዳሉ።

«ይቆጠር ካላችሁማ በደንብ ይቆጠር» አለ ሚናስ። «ማን አገባች ብቻ አይደለም። ቤዛዊት ሜዳ ላይ እያለች ቡድኑ ስንት አገባ፣ ስንትስ ገባበት? እሷ ወጥታ ሰልሳቢል ስትተካስ? ያ ነው የሚለየው።»

«ያው አይደል እንዴ!» አለች አሳየሽ። ያው መስሏታል። ከሩቅ እየወረወረች የምታገባዋ ቤዛዬ አይደለች?

ደገፉም እፎይ አለ። ከሻንቶ፣ ከኦቶናና ከቢጠና ልጆች ጋር የሙከራ ጨዋታ ነበረው፤ ሁለቱን እያፈራረቀ እንደሚያስገባ፣ ቆጠራው ላወጣትም እንደሚገዛ ሕዝብ ፊት ማለ።

«ቆጣሪዋ እኔ ነኝ» አለች አሳየሽ።

የሳቀ አልነበረም። የቅቤ ማኅበሩን የምትቆጥረው እሷ ናትና። ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶች ናቸው፤ አቆጣጠራቸው ግን አንድ ጉርሻ ቅቤ አያስቀርም። ማምጣት ላለባት ሴት አንድ ባቄላ ይቀመጣል፣ ላመጣችው አንድ በቆሎ። መጨረሻ ላይ በቆሎውን ከባቄላው ጋር ያጋቡታል። ባል ያጣች ባቄላ ከቀረች፣ ያላመጣች ሴት አለች ማለት ነው፤ ስሟ ይጠራል፣ ጉድ ይፈላል። አሁንም እንደዚያው ሆነ። ሁለት ጣባ ቀረበ፣ አንዱ የቤዛዊት፣ አንዱ የሰልሳቢል። የኛ ልጆች ሲያገቡ በነጥቡ ልክ በቆሎ፣ ሲገባባቸው ባቄላ፤ በሰዓቱ ሜዳ ውስጥ ባለችው ልጅ ጣባ ይጣላል።

ከሊል «እኔ በእማማ አሳየሽ እጅ እተማመናለሁ» አለ። አሳየሽ ይህን ባይል ደስ ባላት ነበር።

ከሻንቶ ልጆች ጋር ሲጫወቱ ቤዛዊት ሜዳውን አቃጠለችው። ሚናስ «ሁለት! ሦስት! ሁለት!» እያለ ይጠራል፤ አሳየሽ በቆሎውን ጣባው ላይ ታንቀጫቅጫለች። ባቄላም ትጥል ነበር፤ ባቄላ የምትጥለው ግን እጇ ብቻ ነው፣ ዓይኗ ቤዛዬ ላይ ነው። የሰልሳቢል ጣባ ሁለቱም እህል ትንሽ ትንሽ ነው ያለበት።

«የጾመኛ ቁርስ» አለች ሙሉሐረግን በጉልበቷ ነካ አድርጋ። ጣባዎቹን የያዘችው ሙሉሐረግ ነበረች። ከኦቶና ልጆች ጋርም እንዲሁ ሲስቁ አለፈ።

የቢጠና ልጆች ሲመጡ ነገር ተቀየረ። አንዲት ረጅም ልጅ አለቻቸው፣ ቆማ ቅርጫቱን የምትነካ የምትመስል። ቤዛዊት እንደልማዷ ወረወረች፣ አገባች፣ ጭብጨባውን እየሰማች ወደ ኋላ ስትመለስ ረጅሟ አልፋት ሄዳ አስገብታለች። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። ባቄላው እንደ በረዶ ወረደ። አሳየሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣባውን ጎንበስ ብላ አየችው።

ሰልሳቢል ተተካች። ኳስ እንኳ አልፈለገችም። ቀጥ ብላ ሄዳ ረጅሟ ፊት ቆመች፣ ጀርባዋን ሰጠቻት፣ እግሯን ከፍታ ተተከለች። ረጅሟ በቀኝ ልትዞር ስትል እዚያ ናት። በግራ ስትል እዚያ ናት። የተሳተ ኳስ ሲወርድ ረጅሟ ከኋላ ታፍና እጇን ታወዛውዛለች፤ ኳሱን ሌላ የሶዶ ልጅ አንስታ ሮጣ አገባች። ሰው ለዚያች ልጅ አጨበጨበ። ለሰልሳቢል ያጨበጨበ የለም።

ባቄላ ግን ቆመ። አሳየሽ እጇ ላይ ባቄላ ይዛ ትጠብቃለች፣ ሚናስ አይጠራም። ይቺ ትኩስ ቦይና ያልኳት ልጅ ናት? አለች በልቧ።

ቤዛዊት ተመልሳ ገባች፣ ከመሃል ሜዳ ወረወረች፣ ገባ፤ ሕዝቡ ብድግ ብሎ ጮኸ። አሳየሽ በዚያ ጩኸት መሃል የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ለመጠባበቂያ ብላ የቋጠረችው በቆሎ ነበር። እፍኝ አድርጋ የቤዛዊት ጣባ ውስጥ ለቀቀችው። ሙሉሐረግ ፊቷ ወደ ሜዳው ነበር።

ጨዋታው አለቀ። የእንሰት ቅጠል መሬት ላይ ተነጠፈ፤ ተጫዋቹም ወላጁም ከበበ። ደገፉ በጉልበቱ ተንበረከከ። መጀመሪያ የቤዛዊት ጣባ ተገለበጠ፤ አሳየሽ ማጋባት ጀመረች። በቆሎ ከባቄላ፣ በቆሎ ከባቄላ። ክምሩ ትልቅ ስለሆነ ፈገግ ብላ ነበር። ትንሽ ቆይቶ በቆሎው ሳሳ። ከዚያ አለቀ።

ባቄላው አላለቀም።

ባል ያጡ ባቄላዎች ቅጠሉ ላይ ተዘርግተው ቀሩ። «ምንድን ነው ይሄ?» አለች ቤዛዊት። ደገፉ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠው።

የሰልሳቢል ተገለበጠ። ያ የጾመኛ ቁርስ! ሲያጋቡት ባቄላው ቶሎ አለቀና በቆሎው ተረፈ፤ እፍኝ የሚሞላ በቆሎ ተረፈ። ከሊል ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሰልሳቢል ራሷ ደንግጣ ሰዉን ታያለች፣ እንዳጠፋ ልጅ።

«ቤዛዊት ስትኖር ብዙ እናገባለን፣ ከዚያ የበለጠ ይገባብናል» አለ ሚናስ። «ይለያያሉ ብዬ ነበር። ይሄን ያህል ግን እኔም አልጠበቅኩም።»

«እኔ አገባለሁ እኮ» አለች ቤዛዊት።

«ታገቢያለሽ፣ የኔ ልጅ» አለ ደገፉ። «ጥፋቱ የኔ ነው። በሬ ሲታረድ ሁሉም የሚያየው ቢላ የያዘውን ነው። እግሩን ጠፍሮ የያዘውን ማን ያያል? እሱ ለቀቀ ማለት ግን በሬው ሁላችንንም ረግጦ ይሄዳል። ሰልሳቢል እግር ስትይዝልን ከርማ አላየኋትም። እንግዲህ ምያለሁ፤ አርባ ምንጭ...»

ከሁሉም የበለጠ የደነገጠችው አሳየሽ ናት፤ እሷ ብቻ የምታውቀው ነገር አለ። ያ ሁሉ ባቄላ የቀረው እፍኝ በቆሎዋን ከነጨመረችው ነው! ባትጨምር ምን ሊሆን ነበር? ግን የቤዛዬን ዓይን አየችው፣ እንባ ሞልቶ ወደ እሷ ያያል። ሻንጣው ትዝ አላት። ዶሮው ትዝ አላት። ብድግ አለች።

«ተሳስቷል!» ብላ ጮኸች። «ይሄ ቆጠራ አይደለም! ባቄላው ነቀዝ የበላው ነው፣ አንዱ ሁለት ሆኖ ነው! እንደገና ይቆጠር! አሁኑኑ እንደገና ይቆጠር!»

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ እውነቷን ነው አለ፣ ሌላው ተዪ እማማ አለ፤ ደገፉም ኮፍያውን አንስቶ ማዞር ጀመረ። ከሊል እንኳ፣ ደግ ሰው ነውና፣ «ካሉ ይቆጠር፣ እማማ» አለ።

ያን ጊዜ ሙሉሐረግ ባዶ ጣባዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ፣ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች።

«ይቆጠር እንጂ፣ አሳየሽ! ማን ጠላ? መጀመሪያ ግን፣ ሰዉ ሲጮህ ከነጠላሽ ፈትተሽ እዚህ ጣባ ውስጥ የሞጀርሽውን በቆሎ መልሰሽ ቋጥሪ። እሱንም ቆጥረንልሽ እኮ ነው እንዲህ የተሸነፍሽው!»