የማን ቀኝ

መካኒኩ ከእህቱ መኪና ጎማ የፈታውን ኩሽኔታ ጆሮው ሥር ይዞ በጣቱ አሽከረከረው። ኩሽኔታው ድምፅ አላወጣም። ግራሶውን በጨርቅ ጠርጎ ደገመው። ያለቀ ኩሽኔታ ጠጠር እንደሚያኝክ አፍ ያንገጫግጫል፤ ይኼ ግን እንደ አዲስ ተንሸራተተ።

"ጆሮ! ዛሬ ደግሞ ምን አለህ?" አለ የጎረቤቱ በያጅ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። የመኪና ሕመም ሰምቶ ስለሚያውቅ ሰፈሩ ሁሉ "ጆሮ" ነው የሚለው።

"ምንም አላለኝ።"

"ታዲያ ደህና ነዋ!"

"ደህና መሆኑ ነው ጉዱ።"

ጠዋት እህቱ እየተጣደፈች ነበር የመጣችው። ከቁልቁለቱ ማዶ ባለው ከተማ ልጇን ምጥ ይዟታል። እናታቸውም ካልሄድኩ ብላ ኋላ ወንበር ላይ ተሰይማለች። እህቱ ከመኪናው ፊት ለፊት ቆማ ቀኝ እጇን ዘረጋችና "በዚህ በቀኝ በኩል ነው የሚያጉረመርመው" አለችው። ችኮላዋ ተጋብቶበት፣ ነድቶ ሳይሰማ፣ የመኪናውን ቀኝ ጎማ ፈትቶ ኩሽኔታውን በአዲስ ቀየረና ሸኛቸው።

አሁን እሷ በቆመችበት ቆሞ ቀኝ እጁን ዘረጋ። መኪናው ቢኖር ኖሮ ጣቱ የሚያርፈው በግራው ጎማ ላይ ነበር።

ደወለ።

"እታለም፣ የት ደረሳችሁ?"

"ቁልቁለቱን ጀመርነው። እጅህን ይባርከው፣ ድምፁ ድራሹ ጠፋ።"

"አቁሚ። የፈታሁት ደህናውን ነው። ተሳስቻለሁ።"

"አንተ? ተሳሳትኩ?" ሳቀች። "ልጄ ምጥ ላይ ናት እኮ! ድምፅ የለም እያልኩህ። እማዬ ብቻ ናት ይሰማኛል እያለች የምትነዘንዘኝ።"

እናታቸው ነጎድጓድ እንኳ መስማት ካቆመች ቆይታለች።

"ምን ይሰማኛል ነው የምትለው?"

"እኔ እንጃ። አባታችሁ ከሥሬ ያንጎራጉራል ትላለች።"

"ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጊና አቀብያት። እግሯ ሥር ታስቀምጠው።"

መጀመሪያ የመንገዱ ሽውታ መጣ። ከሽውታው ሥር ደግሞ ሌላ፣ ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ። የኩሽኔታ ጉርምርምታ ጎማው እስከዞረ ድረስ አያርፍም። ይኼ ግን ያርፋል። አባታቸው በሕይወት ሳለ ጢሙን ሲላጭ ያንጎራጉር ነበር፤ ጉንጩን በጣቱ ሊወጥር ሲል ያቋርጥና ካቆመበት ይቀጥላል።

ተቋረጠ። ቀጠለ።

"አቁሚ!" ብሎ ጮኸ። በያጁ ብረቱን ጥሎ ቀና አለ። "በእናትሽ አቁሚ!"

ጠጠር ተንኮሻኮሸ። "ይኸው፣ ዳር ይዣለሁ" አለች እህቱ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ። "ሞተሩንም አጠፋሁት። ደስ አለህ?"

የመንገዱ ሽውታ ቆመ። ጉርምርምታው አልቆመም።

"እማዬ ናት የምታንጎራጉረው?"

"ማን? አፏ ግጥም እንዳለ ነው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለምን ጠየቅኸኝ?"

"ምንም... የግራው ጎማ ኩሽኔታ ያለቀ ነው፣ መኪናውን እንዳታንቀሳቅሽው። መጣሁ። በያጁ በሞተር ሳይክሉ ልጅሽ ጋ ያደርስሻል፤ እኔ ከእማዬ ጋር ሆኜ ጎማውን እሠራለሁ። አሁን ከመኪናው አውርጃት።"

ጥቂት ቆይታ፣ "አልወርድም አለች" አለችው። "እስኪጨርስ ነው የምትለው። ምኑን እንደሆነ እንጃላት።"

መካኒኩ አዲስ ኩሽኔታ፣ ክሪክና መፍቻዎቹን በአንድ እጁ ከረጢት ውስጥ ከተተ። በያጁ ነገሩ ስለገባው ሞተር ሳይክሉን እየገፋ መጣና መሪውን ወደ እሱ አዞረለት። የዚያን ቁልቁለት ኩርባ ከመካኒኩ እኩል አፍጥኖ የሚነዳው የለም።

"ያዝ፣ አንተ ትፈጥናለህ።"

መካኒኩ መሪውን አየው። ከዚያ ከረጢቱን አንገቱ ላይ አጥልቆ ከኋላ ተፈናጠጠ።

"አንተ ንዳው" አለ፣ አሁንም የሚያንጎራጉረውን ስልክ ከጆሮው ሳያነሳ። "እኔ እጄ ተይዟል።"