ዴልበርት ኬግል ከድቡ ጋር የተናነቀባት ማለዳ

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘች ምላሴ ይቆረጥ፤ ተቆርጦም ለውሻ ይጣል። በሰሜን ጆርጂያ ተራሮች እንደ ዴልበርት ኬግል ያለ ጉልበተኛ አልተፈጠረም፤ ከእንግዲህ የሚፈጠርም ካለ ዘግይቷል።

ዴልበርት ከጆርጂያ እስከ ሜይን በተራሮች ላይ የሚዘልቀውን ረጅም የእግር መንገድ ለመሄድ ሲመኝ ኖሮ ሃምሳውን ደፈነ። ሚስቱ ቨርና እሺ ያለችው በመከራ ነው፤ ያውም በውል።

«መጀመሪያ ብቻህን ጫካ ገብተህ ሁለት ሌሊት እደርና ዕቃህን ፈትሽ። አንተም ዕቃህም ደህና ሆናችሁ ከተመለሳችሁ፣ በጸደይ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ። አለዚያ ግን ያ ሁሉ ኮተትህ ለቤተ ክርስቲያኑ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ይሄዳል። ተግባባን፣ ጀግናው?»

«ለኔ ሳይሆን ለጫካው እዘኚለት!»

ሸክም ለማቅለል ያላደረገው የለም። የሱሪውን ኪስ ሳይቀር ቀዶ ጣለ። ድንኳኑም የራሱ ምሰሶ የለውም፤ የዚያ መንገድ ሰዎች እንደሚያደርጉት፣ ቀን የሚመረኮዝባቸውን ሁለት ዘንጎች ማታ ከጨርቁ ሥር ያቆማቸዋል።

የመጀመሪያው ሌሊት በሰላም አለፈ። ጎህ ሲቀድ ግን ድንኳኑን አንድ ነገር ዷ! አደረገው። ዴልበርት ዓይኑን ቢገልጥ፣ ጎተራ የሚያህል ጥቁር ጥላ ከጨርቁ ማዶ ተገትሯል። ድብ! ድብ ብቻም አይደለም፣ የድቦች ሁሉ አባት፤ ሲተነፍስ ጥድ የሚያጎነብስ።

«ወደ መቃብርህ አፋፍ ነው የመጣኸው፣ አንተ ጠጉራም!» ብሎ አገሳና ሁለቱን ዘንጎች ነቅሎ ተነሣ።

ዘንጎቹ ሲነቀሉ ድንኳኑ ላዩ ላይ ተደረመሰ። ድቡ ይችን ነበር የሚጠብቀው፤ ከነጨርቁ አነቀው። ዴልበርት በቀኙ የጎድን አጥንቱን ወጋው፣ በግራው መንጋጋውን ጠረበው። ድቡ ጉሮሮውን ሲይዘው፣ እሱ ጆሮውን በጥርሱ ዘለዘለው። አውሬው ጉልበቱን አንሥቶ አፍንጫውን ቢለው ደሙ እንደ ቧንቧ ተንዠቀዠቀ። ተናንቀው ቁልቁል ተንከባለሉ፤ ጉቶ ነቀሉ፣ ቋጥኝ ፈለጡ፤ ያለፉበት ሣር እስከ ዛሬ አልበቀለም። መጨረሻ ላይ ቦይ ውስጥ ሲወድቁ ዴልበርት ከላይ ሆነ። ዘንጉን ሽቅብ አንሥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ሰካው። ዘንጉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ድቡ አንዴ አቃሰተና ተራራውን ዘሎ ቴኔሲ ገባ።

ዴልበርት ቅንድቡ ተተርትሮ፣ አፍንጫው ድንች አክሎ፣ የድንኳኑን ብጥስጣሽ ታቅፎ አስፋልት ወጣ። ሚስ ኦፓል ሌድፎርድ የሚባሉ ያን ረጅም መንገድ ጨርሰው የሚያውቁ አሮጊት ከዚያው ጫካ ወጥተው ወደ መኪናቸው ሲሄዱ አገኙትና እቤቱ ድረስ አመጡት።

ቨርና ለእንግዳዋ ትኩስ ዳቦና የአሳማ መረቅ አቀረበችላቸው። ባሏን ግን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አንድ ሌሊት! ሁለተኛዋ ሌሊት እንኳ ሳትደርስ! ድንኳኑም የወንፊት ታናሽ ወንድም ሆኗል። በቃ፣ ቅዳሜ ሽያጭ ነው።»

«ቆይ እንጂ ሴትዮ! ድብ ነው!»

ቆሞ ተረከላት። በመረቅ ማንኪያ አየሩን ወጋ፣ ወንበሩን አንቆ ወለል ላይ ጣለው።

«ከድብ ጋር ተናንቆ ይህን ያህል የተረፈ ድንኳን ካለ አምጪልኝ! ይሄ ፈተና መውደቅ ነው? ፈታኙን መግደል ነው እንጂ!»

ቨርና አፍንጫውን በእርጥብ ጨርቅ ያዘችለት። ፊቷ ረገበ።

«እውነት ድብ ነው፣ ዴልበርት?»

«አንቺን ይንሣኝ!»

«ድብ ከሆነማ ምን ታደርገዋለህ። ለድብ ውል አልገባንም።» ወደ እንግዳዋ ዞረች። «እርስዎም እዚያው ነበሩ አይደል፣ ሚስ ኦፓል? ጩኸቱን ሰምተዋል?»

ሚስ ኦፓል የመጨረሻዋን ቁራሽ ጎረሱና አፋቸውን ጠረጉ።

«ከድንኳኑ በላይ ካለው ምንጭ አጠገብ ተቀምጬ ቁርሴን እየበላሁ ነበር። ሁሉንም አይቻለሁ» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ድብ እንኳ አልነበረም፣ ልጄ። የደረቀ የጥድ ቅርንጫፍ ነው የወደቀበት። ከዚያ በኋላ የተደባደበው ብቻውን ከድንኳኑ ጋር ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ድንኳኑ እያሸነፈው ነበር።»