የኤርጫፎ ጨዋታ ደካማ ጎን

እንድሪያስ ሰው የሠራውን ነገር ማቃለል ይቀናዋል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንጀራው ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ክፍል አራት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ስህተት ሲለቅም ስለኖረ፣ ምግብ ቤት ሲገባ እንኳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በምግብ ዝርዝሩ የፊደል ግድፈት ላይ ነው። ስለዚህ ጓደኛው ኤርጫፎ ከደጋው መንደሩ ከኦቾሎ ወርዶ አንዲት ፍላሽ እጁ ላይ አስቀምጦ «ጠንካራና ደካማ ጎኑን ሳትራራ ጻፍልኝ» ሲለው፣ ከሁሉም ደስ ያለችው «ሳትራራ» የምትለዋ ቃል ነበረች።

ፍላሿ ውስጥ ያለው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ኤርጫፎ ቀን ቀን ከአባቱ በወረሰው ቦታ ተቀምጦ ሸማ እየሠራ፣ በትርፍ ሰዓቱ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጦ ሦስት ዓመት የለፋበት ነው። በወሩ መጨረሻ ከተማው ውስጥ የወጣቶች ፈጠራ ሊታይ ነው፤ ሥራውን ማሳየት የፈለገ ሁሉ ከሙያው ሰው የተጻፈ ግምገማ ይዞ እንዲቀርብ ተነግሯል። ኤርጫፎ ደግሞ ከእንድሪያስ የሚቀርበው የሙያ ሰው የለውም። ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል፤ ሴቻ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው ከአንድ ሳህን በልተዋል።

እዚህ ላይ ከአንባቢ መደበቅ አይገባም። እንድሪያስ ከዚህ ጓደኛው የደበቀው አንድ ነገር አለ። ከአራት ዓመት በፊት ሁለቱም አሁን እንድሪያስ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ለአንድ ክፍት ቦታ ተፈትነው ነበር። ውጤቱ በሚነገርበት ሳምንት የኤርጫፎ አባት አቶ ካሱ ታመሙ ተባለና፣ ኤርጫፎ ስልኩን ቻርጀር ላይ እንደሰካ ረስቶት ወደ ደጋ በረረ። በማግስቱ ስልኩ ጠራ። እንድሪያስ አነሳው። አንዲት ትሑት ድምፅ ያላት ሴት፣ ኤርጫፎ ካሱ አንደኛ ሆኖ ማለፉን፣ እስከ ሐሙስ ቀርቦ ካልፈረመ ግን ተጠባባቂው እንደሚጠራ ነገረችው። ተጠባባቂው ማን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ ራሱ መሆኑን ያውቃል። ኤርጫፎ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄዷል አላት። ከዚያ የጥሪ ዝርዝሩን ከፍቶ ቁጥሯን አጠፋ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ኤርጫፎ ሲመለስ ወድቄያለሁ ብሎ አመነ። የእንድሪያስን መቀጠር ሲሰማ አቅፎ ሳመው፤ ለመጀመሪያ የሥራ ቀኑ የሚለብሰውንም ሸሚዝ የተኮሰለት እሱ ነበር። አቶ ካሱ በዓመቱ ሲሞቱ ደግሞ እንድሪያስ ኦቾሎ ድረስ ወጥቶ ከዘመድ በላይ አለቀሰ። የአገሩ ሰው እንዲህ ያለ ጓደኛ ለሁሉም ይስጥ ብሎ መረቀው፤ እሱም አሜን አለ። አሜን የሚለው አፍ ከየት እንደመጣለት እንጃ።

ጨዋታውን ዓርብ ከሰዓት ከፈተው። ኤርጫፎ ሌላ ቦታ አትገልብጠው ስላለው እዚያው ከፍላሿ ላይ ነው የሚጫወተው። ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የደካማ ጎኑ ዝርዝር አንድ ገጽ ሞላ። ባለታሪኩ የእንሰት ተክል መሐል ከገባ ቅጠል ይይዘውና እየተራመደ እዚያው ይቀራል። ከዓባያ ሐይቅ የሚወጣው ባለሰባት ጅራት አዞ ከሞተ በኋላም ጅራቶቹ መዋጋታቸውን አያቆሙም። ዋሽንቱ አንድ ዜማ ብቻ ነው የሚያውቀው። እንድሪያስ ይህን ሁሉ በደስታ ጻፈ፤ ኤርጫፎ ከእሱ የተሻለ ጭንቅላት እንዳለው ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያውቃልና፣ እያንዳንዷ ጉድለት ልቡን ታሳርፈው ነበር።

ቅዳሜ ግን ነገሩ ተለወጠ። በጨዋታው ዓለም ዝናብ ከቀረ ሰባት ዓመት ሆኖታል። የኩልፎ ወንዝ ደርቋል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ሙዝ ቆሞ ተቃጥሏል። ተጫዋቹ አዳኝ ወይም አንጥረኛ ወይም ሸማኔ ሆኖ ይነሳና አርባ ምንጮችን አንድ በአንድ ከሚጠብቋቸው አውሬዎች ያስለቅቃል። እንድሪያስ ሸማኔነቱን መረጠ። እያንዳንዱ አውሬ ሲወድቅ አንድ ክር ይተዋል፤ ያንን ክር ሰብስቦ ጋሻውንም ልብሱንም መሥራት የተጫዋቹ ፋንታ ነው። የሌላውን ሰው ክር መስረቅ ይቻላል፤ በተሰረቀ ክር የተሠራ ጋሻ ግን በጦርነቱ መሐል ይተረተራል። እንድሪያስ ሁለት ጊዜ ሰርቆ ሁለት ጊዜ ሞተ። ምሳውን ረሳ። ማታ ጠንካራ ጎን በሚለው ሥር «ሰው የደከመበትን ብቻ ያስለብሳል» ብሎ ጻፈና፣ የጻፈውን ሲያየው ትንሽ ከበደው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ አርባኛውን ምንጭ አስለቀቀ። ውሃ ይፈልቃል ብሎ ሲጠብቅ መንገዱ ተራራ ለተራራ አወጣውና ዱቡሻ ላይ አደረሰው። ዱቡሻ በጋሞ ደጋ ሽማግሌዎች በድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሰው ነገር የሚሰሙበት አደባባይ ነው። ኤርጫፎ የሳለው የኦቾሎውን ነው፤ ከኋላው ገደሉ፣ ከገደሉ ሥር ሐይቁ ይታያል። ሽማግሌዎቹ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። እንድሪያስ የመጨረሻው ፍልሚያ እዚህ ነው ብሎ መሣሪያውን ሊያነሳ ቁልፉን ተጫነ። የባለታሪኩ እጅ አልተነሳም። ደግሞ ተጫነ፤ አልተነሳም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቆሙና ጽሑፍ መጣ።

«ዝናቡን ያስቀረው አውሬ አይደለም። አንተ የደበቅከው ነው። በራስህ አፍ ተናገር።»

ከሥሩ ባዶ የመጻፊያ ቦታ ተከፈተ።

እንድሪያስ ክው አለ። ኤርጫፎ አውቋል ብሎ አሰበ። ይህን ሁሉ ዓመት እያወቀ ሲስቅለት፣ ሸሚዝ ሲተኩስለት፣ ኋላም ሦስት ዓመት ቁጭ ብሎ ለእሱ ብቻ ወጥመድ ሲሠራለት ኖሯል። ምንም ሳይጽፍ የማስገቢያውን ቁልፍ መታ። ዝም ያለ አያልፍም የሚል ጽሑፍ መጣ። ደጋግሞ መታ፤ መልሱ ያው ነው።

ጋሞ ዘንድ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ሰው ጥፋቱን ቢደብቅ ምድር አትደብቅለትም፤ በአደባባይ እስኪናገር ድረስ ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ይመክናል፣ የቤተሰቡ በር ይዘጋል። እንድሪያስ የከተማ ልጅ ነው፤ ይህንን የደጋ ሰው ነገር እያለ ሲስቅበት ነው ያደገው። አባቱ ግን ከደጋው ከቦንኬ የወረዱ ናቸው፤ ቤት ውስጥ አንድ ሰው በታመመ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ምን አጠፋ የሚለው ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እንድሪያስ ብቅል የሚባል ሳይቀምስ፣ በጠራራ ፀሐይ ተነስቶ በሩን ቆለፈና ጻፈ። የኤርጫፎን ሥራ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ስልኩን አንስቼ ሌላ ሥራ አግኝቷል ብያለሁ አለ።

ሽማግሌዎቹ ተነሱ። ሣሩን ወደ ምድር አደረጉት፣ ምድር ሰማች አሉ፣ ዝናቡም መጣ። ከገደሉ ጀምሮ እስከ ሐይቁ ድረስ ዘነበ። እንድሪያስ ያንን የተሳለ ዝናብ እያየ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ቀሎት አያውቅም።

ሰኞ ግን አእምሮው ተመለሰለት። ጥያቄው እኮ ለተጫወተ ሁሉ የሚመጣ ነው። ማሽኑ ምን ያውቃል? ሰው የፈለገውን ቢጽፍለት ያሳልፋል። የሙያ ሰው ሆኖ ይህን አለማሰቡ አሳቀው፤ በራሱ ላይ አሾፈ። የመጨረሻውን ዝናብ አወድሶ ሁለት ገጽ ግምገማውን ጨርሶ ፍላሿ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ግን «ቃል» የምትባል አንዲት ትንሽ ፋይል አየ። የተለወጠችው እሑድ በዚያች ሰዓት ነው። ከፈታት። የራሱ ቃላት፣ አንድም ሳይጎድሉ፣ ቁጭ ብለዋል።

ለሁለተኛ ጊዜ ደነገጠ፤ ይኸኛው ይብሳል። ኤርጫፎ የተጫወቱት ሰዎች የጻፉትን ሊያነብ ነው ያስቀረው፤ ነገ ደግሞ ፍላሿን ሊወስድ ይመጣል። እንድሪያስ ቃላቱን አንድ በአንድ ደመሰሰ። በቦታው ሌላ ነገር ሊጽፍ አሰበ፤ ማንጎ ሰርቄያለሁ፣ ፈተና ኮርጄያለሁ፣ የመጣለትን። ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠ። የሽማግሌዎቹ ፊት መጣበት። የተሳሉ ናቸው፤ ግማሾቹ አፍንጫቸው እንኳ በቅጡ አልወጣላቸውም። ቢሆንም በዱቡሻ ላይ ሐሰት መናገርን እጁ እምቢ አለው። ማጥፋት ችሏል፤ መዋሸት አልቻለም። ፋይሏን ባዶዋን ዘጋት።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ሲቀላ ሰፈር አንድ ጭማቂ ቤት ተገናኙ። ኤርጫፎ ክር ሊገዛ ወርዶ ኖሮ አንድ ጆንያ ሙሉ ክር እግሩ ሥር አስቀምጧል። ግምገማውን እያነበበ በደካማ ጎኑ ላይ ሳቀ፤ የአዞው ጅራት ነገር እውነት ነው፣ አስተካክለዋለሁ አለ። ጠንካራ ጎኑን ግን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ጆሮው ቀላ። እንድሪያስ ይህን ሲያይ ደስ አለው፤ አለፈ ብሎም አሰበ። ከዚያ ኤርጫፎ ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ ፍላሿን ሰካ። እንድሪያስ የአቮካዶ ጭማቂውን ማማሰል ጀመረ።

«ባዶ ነው» አለ ኤርጫፎ።

እንድሪያስ ምን እንደሆነ ጠየቀው፣ እንዳላወቀ ሆኖ።

«ከአንተ በፊት ስድስት ሰው ተጫውቷል። አንዱ ‹ሀሀሀ› ብሎ ጻፈ። አንዱ እኔን ሰደበኝ። አንዷ የእህቷን ጫማ መስረቋን ጻፈች። ባዶ ያገኘሁት የአንተን ነው። ባዶ ደግሞ አያልፍም፤ አንተ ግን እዚህ ግምገማህ ላይ ስለ ዝናቡ ጽፈሃል። ዝናቡን አይተሃል።» ቀና ብሎ አየው። በዓይኑ ውስጥ ክስ የለም፤ የሸማኔ ዓይን ነው፣ የተበጠሰውን ክር የሚፈልግ። «ማንጎ ሰረቅኩ ብትል አምንህ ነበር እኮ። ምን ብታጠፋ ነው የደመሰስከው?»

እንድሪያስ ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል ሊል ነበር። ይህ ዓረፍተ ነገር አፉ ላይ ደርሷል። ኤርጫፎ ግን ለጓደኛው ፈርቶለት ነበር፤ ምን ሆነህ ነው፣ ታመሃል ወይ ብሎ እጁን ያዘው። እንድሪያስ ያንን መቋቋም አቃተው። ስልኩን፣ ሴትዮዋን፣ ሐሙስን፣ የጥሪ ዝርዝሩን፣ ጭማቂው ላይ አቀርቅሮ ሁሉንም ተናገረ። ሲጨርስ ስድብ ጠበቀ። ጥፊም ቢሆን ይገባኛል ብሎ ፊቱን አዘጋጅቶ ነበር።

ኤርጫፎ እጁን ሰብስቦ ጭኑ ላይ አደረገ። ፊቱ አመድ መስሏል። የተናገረው እንድሪያስ ከጠበቀው አንዱም አይደለም።

«አንደኛ ነበርኩ?»

እንድሪያስ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«አባቴ ሳያውቅ ሞተ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ያኔ ወድቄያለሁ ብዬ ስገባ ከአልጋው ተነሳ። የልጄ በር የተዘጋው በእኔ ጎሜ ነው አለ። ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ ራሱን መረመረ። ምንም አጣ። በመጨረሻ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ የጎረቤታችንን የአቶ ጋሻዬን ድንበር አንድ እርምጃ መግፋቱ ትዝ አለው። ዱቡሻ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረ። አርባ ዓመት እሳት የተጫጫሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያች ቀን ወዲያ አቶ ጋሻዬም ዘመዶቻቸውም ሰላም አላሉትም። ቀብሩ ላይም አልቆሙም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።»

እንድሪያስ የዚያን ቀን ለቅሶ አስታወሰ። ሰው ለምን እንዳነሰ ገርሞት ነበር፤ ምናልባትም ለዚያ ነው ጮክ ብሎ ያለቀሰው። ሁለት ደቂቃ ብቻ የፈጀ ነገር መስሎት ነበር የኖረው።

«ቅዳሜ ኦቾሎ ትወጣለህ» አለ ኤርጫፎ። «አባቴ በቆመበት ቆመህ በሩን የዘጋው ማን እንደሆነ ትናገራለህ። አቶ ጋሻዬ ይስሙ። እናቴም ትስማ።»

እንድሪያስ ይቅርታ ሊጠይቅ ፈልጎ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው፤ ራሱም ሲሰማው አፈረ።

«ሰዉ ምን ይለኛል?»

ኤርጫፎ ላፕቶፑን ዘግቶ የክር ጆንያውን አነሳ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ የሚያየው ግን እንድሪያስን አልነበረም።

«አባቴም ይህንኑ ነው የጠየቀኝ። አሞታል፣ መቆም አልቻለም፣ መውጣቱንም ፈርቶ ነበር። ግድ የለም አባ፣ ተናገር ብዬ እጁን ይዤ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»