የአባ ሽቦ የክረምት ፍተሻ

አባ ሽቦ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አናጢ ሆነው ኖረው ስማቸው ከእንጨት ይልቅ ከሽቦ ጋር የተጣበቀው፣ ቤታቸውን ሲሠሩ የመብራቱን መስመር በገዛ እጃቸው ስለ ዘረጉ ነው። በየትኛው ግድግዳ ውስጥ የትኛው ገመድ እንደሚያልፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ይነግሩዎታል። ባይጠይቋቸውም ይነግሩዎታል።

በየዓመቱ ብርዱ ሊገባ ሲል ፍተሻ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰቡ በየቦታው ይቆማል። ሚስታቸው ወጥ ቤት፣ ትልቋ ልጃቸው ልብስ ማጠቢያው ዘንድ፣ ወንዱ ልጃቸው ሳሎን። አባ ሽቦ ከብሬከሩ ሳጥን ሥር ቆመው "አብሩ" ሲሉ በቤቱ ያለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ በአንዴ ይበራል። ከዚያ አስር ደቂቃ ሙሉ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው፣ በእጃቸው ጀርባ ሶኬቱን ሁሉ እየነካኩ ይዞራሉ። የላላ ካለ ይጠብቃል፣ የተቃጠለ ካለ ይቀየራል። በአስሩ ደቂቃ ውስጥ ብሬከሩ ወርዶ ቤቱን ካላጨለመው፣ ክረምቱን ይችለዋል ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ግን አልቻለውም። አስራ አንድ ጊዜ ጨለመ። አባ ሽቦ አስራ አንዱንም ጊዜ ጥፋቱን መንገድ ዳር ባለው ምሰሶ ላይ ጣሉት። ትልቋ ልጃቸው፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ይህ አልዋጥላት አለ። ዘንድሮ በፍተሻው ቀን ብሬከሩ ከወደቀ፣ የጎረቤታቸውን የልብስ ሰፊዋን ቤት አዲስ መስመር የዘረጋውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታ መስመሩን ከሥር እስከ ጣሪያ እንደምታስቀይር ተናገረች። አባ ሽቦም እልህ ይዟቸው እሺ አሉ። እሺ ካሉ በኋላ ነው የቆጫቸው። ያ መስመር ልጆቹ በዳዴ ሲሄዱ፣ እሳቸው መሰላል ላይ አንገታቸው እስኪደነዝዝ ቆመው የዘረጉት ነው። ሰው መጥቶ እንደ ሙጃ ነቅሎ ሊጥለው?

ሐሙስ ዕለት ሚስታቸው ወጣ እስክትል ጠብቀው፣ ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር ያለችውን፣ ሌላው ልብ የማይላትን ማሞቂያ በጋቢ ጠቀለሏት። ትንሽ ናት፣ ግን መብራት ስትበላ ለከት የላትም። ልብስ ሰፊዋ ቤት ወስደው እስከ እሑድ እንድታስቀምጥላቸውና ለማንም እንዳትናገር ለመኗት። ሴትየዋ አፏን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሳቋ ደስ አላላቸውም። ቢሆንም ዕቃ ደባቂ ሰው ምን አፍ አለው፣ አመስግነው ወጡ።

ቅዳሜ ደረሰ። "አብሩ" አሉ። ቤቱ አጉረመረመ፣ ብሬከሩ ግን አልወደቀም። አባ ሽቦ ዙራቸውን ጀመሩ። ወጥ ቤት ሲገቡ ካውያው የለም። ሚስታቸው ለእህቷ እንዳዋሰችው ነገረቻቸው። ልብስ ማጠቢያው ዘንድ የልጅቱ ፀጉር ማድረቂያ የለም። ሥራ ቦታ ነው አለች፣ ዓይኗን ከልብስ ማጠቢያው ሳትነቅል። ሳሎን ደግሞ ትልቁ የውሃ ማፍያ የለም። ልጁ ተቃጥሏል አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባ ሽቦ የተቃጠለውን ካላየሁ ብለው ሰማይ ምድሩን ያዞሩ ነበር። ዛሬ ግን እሳቸውስ ቢጠየቁ? ጉሮሯቸውን ጠርገው አለፉ።

ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ በሩ ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ ናት፣ የሜትር ጥብጣቧ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። ቤቷ ድርግም ብሎ ጠፋባት፣ ብሬከሩንም ብታነሳው አልቆም አላት፣ እባካችሁ አንዳችሁ ድረሱልኝ ነው የምትለው።

ያን ጊዜ ቤተሰቡን ማየት ነበር። ሚስታቸው እኔ ልሂድ አለች፣ በሕይወቷ ፊውዝ ነክታ የማታውቀው። ልጁ የለም እኔ አለ። ልጅቱ ጫማዋን ግራና ቀኙን አዛውራ እያጠለቀች በር ላይ ደረሰች። አባ ሽቦም፣ ብቻቸውን መሄድ የፈለጉበት የራሳቸው ምክንያት ስላላቸው፣ ሁላችሁም ተቀመጡ ብለው ተቆጡ። የተቀመጠ የለም። አራቱም በልብስ ሰፊዋ በር እየተጋፉ ገቡ።

የልብስ ሰፊዋ ክፍል ሙቀት ገና አልበረደም። ከስፌት መኪናዋ አጠገብ የአባ ሽቦ ማሞቂያ ተሰክታለች። ጨርቅ መተኮሻው ላይ የሚስታቸው ካውያ፣ መስኮቱ ዘንድ የልጁ ማፍያ፣ እርጥብ ቀሚስ ፊት ደግሞ የልጅቱ ፀጉር ማድረቂያ። ሁሉም ከሴትየዋ ከራሷ ዕቃ ጋር በአንድ የሶኬት ማከፋፈያ ላይ ተሰክተዋል።

"እኔ ምን አጠፋሁ?" አለች ልብስ ሰፊዋ። "በየተራ መጥታችሁ ለማንም እንዳትናገሪ አላችሁኝ፣ አልተናገርኩም። አትጠቀሚበት ያለኝ ግን የለም። ብርድ ነው።"

አባ ሽቦ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ነቀሏቸው። ካውያውን ለሚስታቸው አቀበሉ፣ ማፍያውን ለልጃቸው። ተቃጥሏል የተባለው ማፍያ ገና እንፋሎቱ አልቆመም። ማሞቂያዋ ዘንድ ሲደርሱ ልጅቱ ይቺ ደግሞ የማናት አለች። ዝም ቢሉ ያልፍላቸው ነበር፣ ከእሳቸው በቀር የማን እንደሆነች ልብ ያለ የለም።

"የእኔ ናት" አሉ። ትንሽ ቆዩና አንድ ነገር ታያቸው። "ግን ልብ በሉ፣ የዚያ የናንተ ሠራተኛ አዲስ መስመርም ወድቋል።"

ልጅቱ ልትስቅ ብላ ተወችው።

"አንቺስ?" አሏት። "ይቀየር ያልሽ አንቺ፣ ምን አስደበቀሽ?"

"ሲወድቅ ፊትህን ላለማየት ነው፣ አባዬ።"

አባ ሽቦ ማሞቂያዋን ታቅፈው ተነሡ። ከዚያ የልብስ ሰፊዋን ብሬከር መለሱላት፣ ቤቷ በራ፣ እነሱም ዕቃቸውን ተሸክመው፣ ከዘመቻ እንደተመለሰ ሠራዊት በሰልፍ ወደ ቤታቸው ገቡ። ሁሉም ተሰካ። እሳቸው ሳጥኑ ሥር ቆመው "አብሩ" አሉ።

ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ ሳያልቅ ቤቱ ጨለመ። ሁሉም የፈሩት ፊት እንዴት እንደሆነ በጨለማው አልታየም። ድምፃቸው ብቻ ተሰማ፣ "ጥሪው" አሉ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሰኞ መጣ። ዋናውን አጠፋ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሽቦው ከሚጋጠምባቸው ሰባት ሳጥኖች የመጀመሪያውን ከፈተ፣ በባትሪው እያበራ ብዙ ቆየ። አባ ሽቦ መሰላሉን ይዘው ከሥር፣ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ።

"አባቴ፣ ሽቦው ቀጭን ነው" አለ ሰውየው። "አምፖልና ሬዲዮ ብቻ ለነበረበት ዘመን የተዘረጋ ነው፣ የዛሬውን ዕቃ አይችልም።"

"ሰማህ አይደል፣ አባዬ?" አለች ልጅቱ ከውስጥ።

"አስተሳሰሩ ግን" አለ ሰውየው፣ "ይህን ሁሉ ዓመት አንድ የላላ የለም። እንዲህ አድርጎ የሚያስር ሰው ካየሁ ቆየሁ።"

ከውስጥ ድምፅ የለም። አባ ሽቦ መሰላሉን ነቅነቅ አደረጉት።

"ሁለተኛውን ድገመው" አሉት ቀስ ብለው። "የመጀመሪያውን ነው የሰማችው። ጮክ በል፣ እናቷም ወጥ ቤት ናት።"

ሰውየው ደገመላቸው። ሚስታቸው ደግማ ምን አለ ስትል ሦስተኛ ጊዜ ተናገረ፣ ሳይሰለች። ከዚያ መቁረጫውን አውጥቶ ወደ መጀመሪያው መጋጠሚያ ሲያስጠጋ አባ ሽቦ እግሩን ያዙት።

"ቆይ ልጄ። ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ልፍታው።"

ሰውየው ወረደላቸው። ወጡ። መጋጠሚያው የተጠቀለለበትን የናስትሮ ጫፍ በጥፍራቸው ፈለጉ፣ አገኙ፣ ዙር በዙር ላጡ፣ ሽቦውን ሳይቆርጡ ወደ ኋላ አዙረው ፈቱት። ሠራተኛው ከሥር ቆሞ ባትሪ ያዘላቸው። ሁለተኛው ሳጥን ላይ ሲደርሱ ረፋዱ አልፎ ነበር። ሚስታቸው ብቅ ብላ አየችና፣ በዚህ አያያዝ ሥራው ሳያልቅ ብርዱ ገብቶ ይወጣል ብላ፣ ወንበር አምጥታ ለሠራተኛው ሰጠችው።